በረኛው ክሌመንስ፦ ከመረቡ ፊት እስከ መረቡ ጀርባ

አጥቂ አምስት ኳስ ስቶ አንዷን ካገባ ጀግና ነው። በረኛ አምስት አድኖ አንዷን ካሳለፈ ግን ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ ነው። ይህን ያልተጻፈ ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ግን በየሳምንቱ ሲሠራበት እናያለን። ዛሬ የምናነሳው ሰው ይህን ሕግ ከሁለት ወገን የቀመሰ ነው፤ መጀመሪያ ራሱ ጓንት አጥልቆ፣ በኋላ ደግሞ ጓንት ያጠለቁትን እያሠለጠነ። ስሙ ሬይ ክሌመንስ ይባላል። የሊቨርፑል ደጋፊ የሆኑ ታላላቆቻችን ስሙን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። የእኛ ትውልድ ግን ሰውየውን ካወቀው እንኳ የሚያውቀው ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በረኞች ጋር ሜዳ ዳር ቆሞ ነው። እስኪ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንበር አከራዩ ልጅ

ክሌመንስ የተወለደው በ1948 በምሥራቅ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ስኬግነስ ነው። ፕሮፌሽናል ሆኖ የጀመረው በ1965 በታችኛው ዲቪዚዮን ይጫወት በነበረው ስከንቶርፕ ዩናይትድ ነው። በዚያ ዘመን የትንሽ ክለብ ተጫዋች ደመወዝ ዓመቱን አያደርስም። ስለዚህ ውድድሩ ሲዘጋ በትውልድ ከተማው የባሕር ዳርቻ ለመዝናናት ለሚመጡ ሰዎች ተጣጣፊ ወንበር ያከራይ ነበር። በ1967 የሊቨርፑሉ ቢል ሻንክሊ በ18 ሺህ ፓውንድ ወሰደው።

ታዲያ ሊቨርፑል መግባት ማለት መጫወት ማለት አልነበረም። ቦታው በቶሚ ሎውረንስ ተይዟል። ክሌመንስ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል በተጠባባቂው ቡድን ቆየ። በየካቲት 1970 ሊቨርፑል በኤፍ ኤ ካፕ በዋትፎርድ 1 ለ 0 ተሸንፎ ሲወጣ ግን ሻንክሊ ትዕግሥቱ አለቀ። አንጋፋዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ አዲስ ቡድን መሥራት ጀመረ፤ ከአዲሶቹ አንዱ ክሌመንስ ሆነ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከቦታው የነቀነቀው አልተገኘም።

ሥራ ፈት የተባለው በረኛ

ቁጥሮቹን እንዘርዝር። ለሊቨርፑል 665 ጨዋታ፣ አምስት የሊግ ዋንጫ፣ ሦስት የአውሮፓ ሻምፒዮና ክለቦች ዋንጫ (1977፣ 1978 እና 1981)፣ ሁለት የዩኤፋ ካፕ፣ አንድ ኤፍ ኤ ካፕ፣ አንድ ሊግ ካፕ። በ1978/79 የውድድር ዘመን ሊቨርፑል በ42 የሊግ ጨዋታ የገባበት 16 ጎል ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በሜዳው በአንፊልድ የገቡበት አራት ናቸው። በ28 ጨዋታ መረቡ አልተነካም።

«ከፊቱ እነ ፊል ቶምሰንና አለን ሃንሰን ቆመውለት እሱ ምን ሠራ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ደግሞ ሁለት ኳስ ነው። አንደኛዋ በ1973 የዩኤፋ ካፕ ፍጻሜ ላይ ናት። በመጀመሪያው ጨዋታ ሊቨርፑል ቦሩሲያ ሞንሼንግላድባህን በአንፊልድ 3 ለ 0 ሲያሸንፍ ክሌመንስ የዩፕ ሄይንከስን ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። በመልሱ ጨዋታ ሊቨርፑል 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ በድምር 3 ለ 2 ዋንጫውን ወሰደ። ያቺ ፍጹም ቅጣት ምት ብትገባ ኖሮ ሒሳቡ ሌላ ነበር። ሁለተኛዋ በ1977 ሮም ላይ ናት። ውጤቱ 1 ለ 1 እያለ የዚያው የጀርመን ክለብ ተጫዋች ኡሊ ሽቲሊከ ብቻውን ከክሌመንስ ጋር ተፋጠጠ። ክሌመንስ ወጥቶ ኳሷን መለሰበት። ሊቨርፑል 3 ለ 1 አሸንፎ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ሻምፒዮና ክለቦች ዋንጫ አነሳ።

የትልቅ ክለብ በረኛ ሥራ እንግዲህ ይህ ነው። ሰማንያ ደቂቃ ያለ ሥራ ቆሞ፣ ገላው ሳይቀዘቅዝ፣ ሐሳቡ ሳይበታተን፣ ለአንዲት ቅጽበት ዝግጁ መሆን። ክሌመንስ ደግሞ መስመሩ ላይ ተተክሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ተከላካዮቹ ወደ ፊት በሄዱ ቁጥር እሱም ከሳጥኑ ጫፍ እየወጣ ከኋላቸው የሚጣለውን ረጅም ኳስ ቀድሞ ይጠርግ ነበር። ዛሬ በነማኑኤል ኖየር እንደ አዲስ ግኝት የምናደንቀውን ጨዋታ ሊቨርፑል ያኔም ያውቀው ነበር።

በእግሮቹ መካከል ያለፈችው ኳስ

ለብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ኅዳር 15 ቀን 1972 ካርዲፍ ላይ ከዌልስ ጋር ነው። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ታላቁ ጎርደን ባንክስ በመኪና አደጋ የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጥቶ ነበርና ቦታው ክፍት ሆኗል። ክፍተቱን የፈለገው ግን ክሌመንስ ብቻ አልነበረም፤ ፒተር ሺልተንም ነበረ። የሁለቱ ፉክክር አሥር ዓመት ፈጀ። አሰልጣኙ ሮን ግሪንውድ መምረጥ ቢያቅተው አንድ ጊዜ አንዱን፣ አንድ ጊዜ ሌላውን ማሰለፍ ያዘ። በ1982 የዓለም ዋንጫ የግድ መምረጥ ሲኖርበት ሺልተንን መረጠ። ክሌመንስ ስፔን ድረስ ሄዶ አንድም ደቂቃ ሳይጫወት ተመለሰ። ሺልተን በ125 ጨዋታ ባለ ክብረ ወሰን ሲሆን ክሌመንስ 61 ላይ ቆመ።

እንግሊዞች ስለ እሱ ሲያወሩ የማይረሷት አንዲት ኳስ አለች። በግንቦት 1976 በግላስጎው ሃምፕደን ፓርክ ከስኮትላንድ ጋር ሲጫወቱ ኬኒ ዳልግሊሽ የመታት ለስላሳ ኳስ በክሌመንስ እግሮች መካከል ሾልካ ገባች። ስኮትላንድ 2 ለ 1 አሸነፈች። ስኮትላንዶች እስከ ዛሬ ይስቁባታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ክሌመንስ ወደ ክለቡ ሲመለስ አሰልጣኙ ቦብ ፔዝሊ ከቦታው አላነሳውም። በቀጣዩ የውድድር ዘመን የሊግ ሻምፒዮን ሆነ፤ በግንቦት 1977 ደግሞ ሮም ላይ ያቺን የሽቲሊከን ኳስ መለሰ። በዚያው ዓመት ክረምት ዳልግሊሽ ራሱ ሊቨርፑልን ተቀላቅሎ የቡድን ጓደኛው ሆነ። ስሕተቷ ክሌመንስን ያልጨረሰችው ስሕተት ስላልነበረች አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት የሚሠራው ሥራ ስለነበረው፣ የሚያምነውም አሰልጣኝ ስለነበረው ነው።

ወደ መረቡ ጀርባ

በግንቦት 1981 ፓሪስ ላይ ሪያል ማድሪድን 1 ለ 0 አሸንፈው ሦስተኛውን ዋንጫ ካነሱ በኋላ ክሌመንስ በ300 ሺህ ፓውንድ ወደ ቶተንሃም ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት በተቃራኒ ማሊያ አንፊልድ ሲመለስ ኮፕ የሚባለው ወገን ቆሞ አጨበጨበለት። ለባላንጣ በረኛ እንዲህ ያለ አቀባበል በየቀኑ አይታይም። ከቶተንሃም ጋር በ1982 ኤፍ ኤ ካፕን ወሰደ። በ1988 ጉዳት ጓንቱን አስወለቀው፤ እሱም እዚያው ክለብ ቀርቶ አሰልጣኝ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ክሌመንስ በሚጫወትበት ዘመን አብዛኞቹ ክለቦች ለበረኛ የተለየ አሰልጣኝ አልነበራቸውም። በረኛው ከሌሎቹ ጋር ይሮጣል፣ በመጨረሻ አጥቂዎቹ ኳስ ሲመቱበት ይቆማል፤ በቃ። እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ወደ አሰልጣኝነት ሲገቡ ያንን ብቻውን የሚማር ሰው ወግ መቀየር ጀመሩ።

በ1992/93፣ ፕሪሚየር ሊግ በተጀመረበት ዓመት፣ ከዳግ ሊቨርሞር ጋር ሆኖ የቶተንሃምን ዋና ቡድን መራ። ክለቡ ስምንተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜም በአርሰናል 1 ለ 0 ተሸነፈ። ከዚያ የአለቆች ጠብ ክለቡን አናወጠው፤ ኦሲ አርዲሌስ ተሾመና የሁለቱ ዘመን አበቃ። ክሌመንስ በ1994 መጀመሪያ ባርኔት የሚባለውን ትንሽ ክለብ በአሰልጣኝነት ያዘ። ቡድኑን በዚያው ዓመት ከመውረድ አላዳነውም። የበረኛ ዓይኑ ግን አልከዳውም፤ በ1995 ከታችኛው ሊግ ያመጣው ማይክ ቴይለር በኋላ ለሰሜን አየርላንድ 88 ጊዜ ተሰለፈ። በ1996 የቶተንሃም ጓደኛው ግሌን ሆድል የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሲሆን ክሌመንስን የበረኞች አሰልጣኝ አድርጎ ጠራው።

ማየት እንጂ መያዝ የለም

በ1992 አንድ ሕግ ተቀየረ። ተከላካይ በእግሩ አስቦ የመለሰለትን ኳስ በረኛው በእጁ መንካት ተከለከለ። ክሌመንስ ዘመኑን ሙሉ እንዲህ ያለውን ኳስ ጎንበስ ብሎ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ተማሪዎቹን ማሠልጠን የነበረበት ግን እሱ ላልተጫወተበት ጨዋታ ነው።

ይህ ለውጥ ምን ማለት እንደሆነ በጥቅምት 2006 ዛግሬብ ላይ ታየ። ጋሪ ኔቪል ወደ ኋላ የመለሳት ኳስ ሣሩ ላይ ነጥራ ከፖል ሮቢንሰን እግር በላይ አለፈችና መረቡ ውስጥ ገባች። ክሮኤሽያ 2 ለ 0 አሸነፈች። በክሌመንስ ዘመን ቢሆን በረኛው ኳሷን በእጁ አንስቶ ጨዋታው ይቀጥል ነበር። ከዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2007 ዌምብሌይ ላይ፣ ከዚያችው ክሮኤሽያ ጋር የ22 ዓመቱ ስኮት ካርሰን በመጀመሪያው የነጥብ ጨዋታው ተሰለፈ። በስምንተኛው ደቂቃ የኒኮ ክራንቻር ምት ከእጁ አመለጠችው። እንግሊዝ 3 ለ 2 ተሸንፋ ከ2008 የአውሮፓ ዋንጫ ውጪ ሆነች፤ ዋና አሰልጣኙ ስቲቭ ማክላረን በማግስቱ ተባረረ።

አሰልጣኝነት እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። ሜዳ ዳር የቆመው ክሌመንስ እግር ስር የሚሾልክ ኳስ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ዘሎ አይገባም። ማወቁን እንጂ እጁን ማበደር አይችልም።

የሁለቱን ዕጣ እናስተያይ። ክሌመንስ ከሃምፕደን በኋላ ሌላ ዕድል በየሳምንቱ ነበረው። ካርሰን ግን ከዚያች ምሽት በኋላ ለእንግሊዝ የተጫወተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ልዩነቱ የችሎታ ብቻ ነው ብለን አናምንም። ክሌመንስን ያቆየው ከስሕተቱ ማግስት የተሰጠው ዕድል ነው፤ ያን ዕድል ደግሞ በረኛ ለራሱ ሊሰጥ አይችልም።

ክሌመንስ በ2005 የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት ቢነገረውም ሥራውን አልተወም። እስከ 2013 ድረስ በእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ወጣቶችን በማፍራት ሥራ ላይ ቆየ። ኅዳር 15 ቀን 2020 በ72 ዓመቱ አረፈ፤ ለብሔራዊ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰለፈ ልክ በ48ኛ ዓመቱ፣ በዚያችው ቀን።

እንግዲህ በመጪው ቅዳሜ አንዱ በረኛ ኳስ ያሾልካል፤ ይህ አይቀርም። ቤቱም ይስቃል። እኛ ግን ከመሳቃችን በፊት በቀጣዩ ሳምንት አሰልጣኙ ማንን እንደሚያሰልፍ እንጠብቅ። የበረኛው ታሪክ የሚወሰነው ያኔ ነው።