ስለ ጉዱማሌ፤ በሐዋሳ ሕዝብ የሚመክርበትና የሚዘምርበት ሜዳ

ወደ ሐዋሳ የሚሄድ እንግዳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሐይቁና ስለ ዓሣው ነው። ቀጥሎም ወደ ታቦር ተራራ ወጥቶ ከተማይቱን ቁልቁል ይመለከታል፤ የቅዱስ ገብርኤልንም ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ይመለሳል። በሐይቁ አጠገብ ያለውን ጉዱማሌ የሚባለውን ሜዳ ግን ብዙው መንገደኛ ለመናፈሻ የተከለለ ሣር እየመሰለው ያልፈዋል። የሕዝብ ታሪክ በድንጋይ ሕንጻ ላይ ብቻ የሚጻፍ ቢሆን ኖሮ ይህ መንገደኛ ባልተሳሳተም ነበር። ነገር ግን ቃልንና ዝማሬን የሚጠብቅ ሜዳም አለ፤ የዚህም ሜዳ ነገር ሊነገር የሚገባው ነው።

ከተማይቱ ራስዋ ገና ወጣት ናት። ሥፍራው ቀድሞ አዳሬ ይባል ነበር፤ ይህም ስም እስከ ዛሬ በአንድ ሐኪም ቤት ላይ ተጠብቆ ይገኛል። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማ ሆና ተቈረቈረች፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወደ እርስዋ ተዛወረ። ሐዋሳ የሚለው ቃል በሲዳምኛ ሰፊ ማለት ነው፤ ሐይቁን ቆሞ ያየ ሰው ስያሜውን አይነቅፈውም። እንግዲህ የከተማይቱ ዕድሜ ከአንድ ሽማግሌ ዕድሜ አይበልጥም። ጉዱማሌ የተባለው ሥርዓት ግን ከከተማይቱ እጅግ የሚበልጥ ነው፤ በሲዳማ ምድር ጎሣው ሁሉ የየራሱ ጉዱማሌ ነበረውና፤ የሐዋሳው የእነዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

ጉዱማሌ ማለት ሕዝብ የሚሰበሰብበት የተከበረ የአደባባይ ሜዳ ነው። አጥር የለውም፤ ጣራም የለውም። ከታላቁ ጉባኤ በታች ደግሞ በየመንደሩ ሶንጎ የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ አለ፤ በዚያም ስለ መሬት ድንበር፣ ስለ ካሣ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ደም ዕርቅ ይመከራል። ሕዝቡ የሚተዳደርበት ያልተጻፈ ሕግ ሴራ ይባላል። ይህ ቃል በአማርኛ ጆሮ ላይ እንዴት ክፉ ሆኖ እንደሚሰማ አንባቢ ያውቃል፤ በሲዳማ ዘንድ ግን ሴራ የሌለው ሰው እንደ ሕገ ወጥ ይቈጠራል እንጂ ሴራ ያለው አይከሰስም። ከሴራውም በላይ ሀላሌ የሚባል አለ፤ ይኸውም እውነት ማለት ነው። በሶንጎ ፊት የቆመ ሰው የሚፈራው ቅጣቱን ሳይሆን ከሀላሌ መውጣቱን ነው። ጆን ሐመር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1950ዎቹ ዓመታት በሲዳማ ተቀምጦ የሽማግሌዎቹን ሸንጎ ሲመረምር ይህንኑ ነገር የጥናቱ ማዕከል አድርጎታል።

የንግግሩም ሥርዓት ልዩ ነው። ነገር የሚያቀርበው ሰው ተነሥቶ ጉዳዩን ከማስረዳቱ በፊት ኣፊኒ ይላል። ኣፊኒ ማለት ሰማችሁን፣ ዐወቃችሁን ማለት ነው። ጥያቄው ለማሳመሪያ የሚባል አይደለም፤ የተሰበሰበው ሰው መስማቱ ሳይረጋገጥ ነገሩ ወደ ፊት አይሄድምና። አንዱ የተናገረውን ሌላው ተቀብሎ ያጠናዋል፤ የተቃወመውም ቢሆን በተራው ኣፊኒ ብሎ ይጀምራል። ፍርዱ የሚደርሰው በድምፅ ብልጫ አይደለም፤ ሁሉም እስኪስማማ ድረስ በመመላለስ ነው። የአቴና ሰዎች በጥንት ዘመን በኮረብታቸው ላይ ተሰብስበው እጅ በማውጣት ይወስኑ ነበር፤ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን የተሸነፈው ወገን ቂሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሶንጎ ምክር ቀን ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜም ሳምንት ይፈጃል። ችኩል የሆነ የከተማ ሰው ይህን እንደ ስንፍና ቢቈጥረው አያስደንቅም፤ በደም የተለያዩ ሁለት ቤቶችን በአንድ ቀን ለማስታረቅ የሞከረ ሰው ግን አይቈጥረውም።

ጉዱማሌ በሙሉ ክብሩ የሚታየው በፍቼ ጨምበላላ ማለት በሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው አንዲት ሴት ባል ካገባች በኋላ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ወላጆችዋንና ዘመዶችዋን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር፤ ስትመጣም ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራውን ቡሪሳሜ ይዛ ትመጣለች፤ ጎረቤቱም ሁሉ ተጠርቶ አብሮ ይበላ ነበር። በዓሉ ከዚያ ተነሣ ይባላል። የሌላው ሕዝብ የዓመት በዓል ብዙውን ጊዜ ከጦር ድል ወይም ከንጉሥ ልደት ሲነሣ፣ የሲዳማው እናትዋን ልትጠይቅ ከመጣች ሴት ልጅ መነሣቱ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው።

ቀኑን የሚያስታውቁት አያንቶ የሚባሉት ኮከብ ቈጣሪዎች ናቸው፤ ከዋክብትንና ጨረቃን እያዩ ይቈጥራሉ፤ ስለዚህ በዓሉ በየዓመቱ በአንድ ቀን አይውልም። የመንፈቀ ሌሊቱን ሰማይ እየጠበቁ ባሕረ ሐሳብን ያጠኑ የኛ መምህራን ይህን ሙያ በቀላሉ ያስተውሉታል። አያንቶዎቹ ቀኑን ሲቈርጡ ለየጎሣው ይነገራል። በዋዜማው ምሽት ቤተ ሰብ ሁሉ ሁሉቃ በሚባለው ከለምለም እንጨት በተሠራ በር ሥር ያልፋል፤ ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ መሻገር ነውና። በበዓሉ ቀንም ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ጎረቤቱን ሰላም ይላሉ፤ ባለቤትዋም ቡሪሳሜ ትሰጣቸዋለች። ሥጋ የበዓሉ ምግብ አይደለም፤ ከብቱም በዚያ ቀን በለምለም መስክ ላይ እንዲጠግብ ይለቀቃል።

ከዚህ በኋላ የጉዱማሌው ጉባኤ ነው። ወማዎች፣ ሞቴዎችና ጪሜሳ የሚባሉት ሽማግሌዎች በሕዝቡ ፊት ቆመው ይናገራሉ። ምክራቸው ረቂቅ ፍልስፍና አይደለም፤ ሥራ ሥሩ፣ ሽማግሌ አክብሩ፣ የደከመውን ደግፉ፣ የአገሩን ዛፍ አትቍረጡ፣ አትስነፉ፣ አትለምኑ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አትስረቁ የሚል ነው። ቃሉ ሲያልቅ ዘፈኑ ይቀጥላል። ወንዶቹ በየጎሣቸው ተሰልፈው ቄጣላ ያሰማሉ፤ አንዱ ይመራል፣ ብዙው ይቀበላል። ወጣቶቹ በፋሮ ይጨፍራሉ። በቄጣላ የሚባለው ግጥም ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የተበደለ በደሉን፣ ጎሣም ታሪኩን በዚያ ያወጣል። ስለዚህ ንግግሩ ከዘፈኑ፣ ዘፈኑም ከንግግሩ ሊለይ አይቻልም፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይጎድላል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ ልትወረን ስትዘጋጅ በአዲስ አበባ የአገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም ሕዝቡ የተሰበሰበው በንግግርና በዘፈን ነበር፤ ተናጋሪው ስለ አገር ነጻነት ሲናገር ዘፋኞቹ ደግሞ ያንኑ በዜማ ይደግሙታል። ከዚያ የወጣው ቤት ዛሬ የአገር ፍቅር ቴአትር ነው። በ1955 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በኪነ ጥበብ ማዕከሉ ግብጻዊው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም አል ደብሕ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ ክራሩን፣ በገናውን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና እምቢልታውን ቀድሞ ባልለመዱት አኳኋን በአንድ መድረክ አሰለፋቸው። እነዚህ ግን የከተማ ቤቶች ናቸው፤ መግቢያ በር አላቸው፣ ሰዓት አላቸው፣ ተመልካችና ተጫዋች በመጋረጃ ይለያሉ። በጉዱማሌ መጋረጃ የለም።

ዘመኑ ግን ጉዱማሌንም አልተወውም። ሐዋሳ በሰፋች ጊዜ የሲዳማ ባህል አዳራሽ ተሠራ፤ ስብሰባውም፣ ውይይቱም፣ የሙዚቃውም ትርኢት በጣራ ሥር ገባ። በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጉባኤ በናሚቢያ በዊንድሁክ ተቀምጦ ፍቼ ጨምበላላን በሰው ልጆች ሁሉ ቅርስ መዝገብ አስገባው፤ ከኢትዮጵያ ከመስቀል በዓል ቀጥሎ ሁለተኛው ሆነ፤ የኦሮሞ ገዳ በ2009፣ ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም. ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ በሐዋሳው ሜዳ ላይ የባለ ሥልጣን ወንበር፣ ድምፅ ማጉያና የቴሌቪዥን ካሜራ ይቆማል። ክብር ነው፤ ነገር ግን አንድ ችግር ከዚያው ይወለዳል። ሽማግሌው በመንደሩ ሶንጎ ኣፊኒ ብሎ ሲጠይቅ መልሱን በጆሮው ይሰማል፤ በብዙ ሺህ ሰው ፊት በድምፅ ማጉያ ሲጠይቅ ግን የሚመለስለት የራሱ ድምፅ ነው።

ይህም በከንቱ የተባለ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በሰኔ ወር በዚያው በበዓሉ ሰሞን በከተማይቱ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ጠብ ተነሥቶ ሰው ሞተ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በሐሰት አትመስክሩ የተባለበት ቃል ገና ከሜዳው ሳይርቅ የሐሰት ወሬ በየሰፈሩ ይሮጥ ነበር። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ክልልነት ጥያቄ በተነሣው ሁከት እንደ ገና የሰው ሕይወት ጠፋ። ያ ጥያቄ በመጨረሻ መልስ ያገኘው በቃል ነው፤ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝቡ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ፤ ከመቶ 98 ከግማሽ የሚሆነው ወገን ደገፈው፤ ሰኔ 11 ቀንም ሲዳማ ክልል ሆኖ ሥልጣኑን ተረከበ፤ ሐዋሳም መቀመጫው ሆነች።

በድምፅ ብልጫ የማይፈርደው የሶንጎ ልጅ ትልቁን ጉዳዩን በድምፅ ቈጠራ መጨረሱን ታዛቢ ሊያስተውል ይችላል። ሽማግሌዎቹም ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ የቈጠራው ቀን ካለፈ በኋላ ያልደገፈው ጥቂቱ ወገን፣ ከሌላም ምድር መጥቶ በሐዋሳ ቤት ሠርቶ የተቀመጠው ሁሉ፣ በከተማይቱ አብሮ የሚኖር ነው። እርሱን ኣፊኒ ብሎ መጠየቅ ለመንደሩ ሶንጎ የተተወ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። አያንቶዎቹም እንደ ልማዳቸው ሰማዩን አይተው የሚቀጥለውን ፍቼ ይነግራሉ፤ ልጆቹም በየደጁ ይቆማሉ፤ በሐዋሳ ሰፈር ደግሞ ከአንድ ግንብ ወዲያና ወዲህ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ጎረቤቶች ስላሉ፣ ቡሪሳሜው የሚደርሰው ሲዳምኛ ለማያውቀውም ልጅ ነው።