ሁሉም ንዳድ ተባለ

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የሚወርደው መኪና ሐርቡ ሲደርስ የደሴ ብርድ ተረስቷል፤ ተሳፋሪው ጋቢውን አውልቆ መስኮት ይከፍታል። በዚህ ቆላ አንድ ሕፃን በትኩሳት ግሎ፣ ዐይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ ሲንዘፈዘፍ ለበሽታው ስም ለማውጣት የሚቸገር የለም፤ ንዳድ ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ነው፤ አንጎል ላይ የወጣች ወባ ሕፃን ልጅ በአንድ ሌሊት ትወስዳለች። ነገር ግን ኩፍኝ፣ ኢንፍሉዌንዛና ጆሮ ደግፍም አንጎልን ይነካሉ። እነዚህ በንዳድ ስም ተሸፍነው ኖረዋል።

ስሙ እንዲህ የጸናው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 በዘለቀው ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው በወባ ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል፤ ወባ አታውቀንም ይል የነበረው ወይና ደጋ እንኳ ተመታ። በማግስቱ መንግሥት ወባን የሚያጠፋ ራሱን የቻለ ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የቆላ ትኩሳት በአጉሊ መነጽር ይመረመራል፤ መነጽሩ ደግሞ የወባን ተውሳክ እንጂ ቫይረስን አያሳይም። ወባ በሚበዛበት አገር ደም ውስጥ ተውሳክ ተገኘ ማለት ልጁን ያንዘፈዘፈችው እሷ ናት ማለት አይደለም። ተውሳኩን ተሸክሞ በሌላ በሽታ የሚንዘፈዘፍ ልጅ ሞልቷል።

ወደ ኋላ ብንሄድ ኅዳር 1911 አለ። ያኔ የገባው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንንም ታመው ተርፈዋል። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር ይታጠናል። ከአውሮፓ ግን በዚያው ሰሞን ሌላ ወሬ ይሰማ ነበር። ፎን ኤኮኖሞ የተባለ የቪየና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1917 ሰውን በእንቅልፍ የሚያደነዝዝ፣ የተረፈውንም ለዓመታት የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል ብግነት ገለጸ። ከኢንፍሉዌንዛው ጋር ዝምድና ይኑረው አይኑረው አሁንም አልተቋጨም። እኛ ዘንድ የተቆጠረው ሟች ነው፤ ተርፎ የሚጥል በሽታ የያዘውን የመዘገበ አልነበረም።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ኩፍኝ ነው። በወሎ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ጨለም ያለ ጓዳ ይተኛል፤ መርፌም አይወጋም ይባላል። ሽፍታው ሲከስም ቤተሰቡ ተመስገን ይላል። ከ1,000 ታማሚ አንዱ ገደማ ግን አንጎሉ ያብጣል፣ ያንዘፈዝፈዋል፤ ከዳነም ብዙ ጊዜ ጉዳት ይዞ ይቀራል። የባሰው ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣው ነው። ቫይረሱ በአንዳንዱ ልጅ አንጎል ተደብቆ ከ7 እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ጎበዝ የነበረው ተማሪ ትምህርቱን መርሳት ይጀምራል፤ ብርጭቆ ከእጁ ያመልጣል፤ ተቀምጦ ሳለ ሰውነቱ እየቆየ እንደ ደነገጠ ሰው ብርግግ ይላል። ሐኪሞች በምሕጻረ ቃል ኤስኤስፒኢ የሚሉት ይህ በሽታ ማብቂያው ሞት ነው፤ በብዛት የሚይዘውም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ኩፍኝ የወጣባቸውን ነው። በ1977 በባቲና በኮረም መጠለያዎች ኩፍኝ ሕፃናትን እንዴት እንደፈጀ የሚያስታውስ ሰው አሁንም አለ። ከሞት ከተረፉት መሀል በአሥር ዓመቱ አእምሮው የተናወጠ ልጅ ቢኖር ያንን የጓዳ ሽፍታ ማን ያስታውሰዋል? ቡዳ ነው፣ ልክፍት ነው ተብሎ ወይ ጠበል ወይ ሼህ ዘንድ ይሄዳል። መደበኛው ክትባት በ1972 ተጀመረ፤ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የተጨመረው ግን በ2011 ነው።

ትኩሳት ሲያንዘፈዝፍ ሁሉ አንጎል ተጎዳ ማለት እንዳልሆነ ግን መናገር ያስፈልጋል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት በመቶ ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት በተራ ቫይረስ ትኩሳት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይንዘፈዘፋሉ፤ አብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል። አደጋው ሲረዝም ነው። ከአምስት ደቂቃ ያለፈው በራሱ የመቆም ዕድሉ ይመነምናል፣ ሠላሳ ደቂቃ የሞላው የአንጎል ሕዋስ ሊገድል ይችላል። እኛ ግን በእነዚያ ደቂቃዎች ክብሪት ጭረን እናሸትታለን፣ ጥርሱ መሀል ማንኪያ እንከታለን፤ አንዳንዱም በሽታው ይተላለፍብኛል ብሎ አይነካውም። የሚጥል በሽታ ኖሮት እሳት ላይ ወድቆ የሚቃጠል ሰው የበዛው በዚህ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ መጨረሻ ቡታጅራ ላይ ቤት ለቤት ሲያጠኑ ከ1,000 ሰው 5.2ቱ የሚጥል በሽታ ያለበት ሆኖ ተገኘ። ተገቢውን መድኃኒት የሚወስደው ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞላም ነበር፤ ፌኖባርቢታል እኮ ለዚህ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የታወቀ ርካሽ ክኒን ነው።

ከቆላው የታመመ ልጅ የሚላክባቸው የደሴ ሆስፒታሎች ታሪክ ደግሞ የጦርነት ታሪክ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የአሜሪካኖቹን ሆስፒታልም መቱ፤ በ2014ቱ ጦርነት ደግሞ የደሴው ሪፈራልና የቦሩ ሜዳ ሆስፒታሎች ተዘረፉ። ዕቃው ተሟልቶ ባለበት ቀንም ቢሆን ለአንጎል ብግነት ዋናው ምርመራ የጀርባ ፈሳሽ መቅዳት ነው፤ ወላጅም «ሽባ ይሆንብኛል» ብሎ አሻፈረኝ ይላል። ፈሳሹ ካልተቀዳ ማጅራት ገትሩን ከቫይረስ ብግነት መለየት ያስቸግራል። የኸርፐስ አንጎል ብግነት አሳይክሎቪር የሚባል መድኃኒት ያለው ሲሆን ለኩፍኙ ግን እንዲህ ያለ ፈዋሽ መድኃኒት የለም።

በሌሊት ለሚንዘፈዘፍ ልጅ ባጃጅ ፍለጋ ሲወጣ እነዚያ አምስት ደቂቃዎች ገና ሐርቡ ሳይለቀቅ ያልቃሉ። መንዘፍዘፉን የሚያቆመው፣ በፊንጢጣ የሚሰጠው ዲያዜፓም የሚፈለገው ደሴ ከተደረሰ በኋላ ሳይሆን እዚያው ቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ነው።