ጊዜ የሰጠ ሙግት

ሰሞኑን አንዲት እህታችንን ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ሳደርሳት፣ "ቲፒኤሱን ሊያነሱብን ነው፤ ፍርድ ቤት ያድነን ይሆን?" አለችኝ። መንገዱ አልበቃንም፤ ቀሪውን እዚህ ልጻፈው።

በዚህ ነገር እኛ ከቀደሙት ነን። እ.ኤ.አ. በ1977፣ አገር ቤት ደም ሲፈስ፣ አሜሪካ እዚህ የነበሩ ኢትዮጵያውያን እንዳይባረሩ መቆያ ሰጠች። ነገሩ የቆመው ግን በባለሥልጣን ፈቃድ ብቻ ነበር። በ1981 የሬገን መንግሥት "በቃ" አለ። ተቃውሞ ሲበረታ በ1982 እስከ ጁን 30 ቀን 1980 ለገቡት ብቻ መለሰው። በፈቃድ የተሰጠ በፈቃድ ይነሳል።

በ1990 ኮንግረስ ቲፒኤስን ሕግ አደረገው። ባለሥልጣኑ ሌሎች መሥሪያ ቤቶችን ሊያማክር፣ የአገሩን ሁኔታ ሊመረምር ግድ ሆነ፤ ማቋረጡም ማስታወቂያው በወጣ 60 ቀን ሳይሞላ አይጸናም። የሙግት በር የተከፈተው በዚህ ነው፤ "አታቋርጡ" ሳይሆን "ሕጉን ተከትላችኋል ወይ?" ተብሎ።

በ2018 የሱዳን፣ የሄይቲ፣ የኒካራጓና የኤል ሳልቫዶር ሰዎች እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ ከሰሱ። ከከሳሾቹ ውስጥ እዚህ የተወለዱ ልጆች ነበሩ። በኦክቶበር ዳኛ ኤድዋርድ ቼን ማቋረጡን አገዱ። በ2020 የይግባኝ ችሎት 2 ለ 1 ፈረደባቸው፤ ክርክሩ ግን ስላላለቀ ወረቀታቸው እንደጸና ቆየ። በ2023 አዲሱ መንግሥት የኒካራጓንና የኤል ሳልቫዶርን ማቋረጥ ራሱ ሰረዘው። በይግባኝ ተሸንፈው ከአራት ዓመት በላይ አተረፉ!

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀናም። በ2025 እኚሁ ዳኛ ለቬኔዝዌላውያን ያዘዙትን እግድ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አነሳው።

ለእኛ ቲፒኤስ የተሰጠን በዲሴምበር 2022 በጦርነቱ ምክንያት ነው፤ በዲሴምበር 2025 ደግሞ መንግሥት ሊያቋርጠው መወሰኑን አስታወቀ።

እህቴ፣ መልሴ ይሄ ነው፦ ፍርድ ቤት የሚሰጥሽ ጊዜ ነው እንጂ ግሪን ካርድ አይደለም። ያንን ጊዜ ተኝተሽበት አይለፍ። ጥገኝነትም ይሁን በቤተሰብ በኩል ያለው መንገድ፣ ለአንቺ የሚሆነውን ፈቃድ ያለውን ጠበቃ ጠይቂ። የታክሲ ሾፌር ምክር ታሪኩን እስከ መንገር ነው።

ለሚመለከተው ሰው አድርሱልኝ። በሰላም ግቡ።