የሳውንደርስ ሉዊስ ዜና

ስለ ቋንቋው ወኅኒ የወረደውን የዌልስ ሊቅ፣ የተውኔት ደራሲውን የጆን ሳውንደርስ ሉዊስን ነገር እንጽፋለን። ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንቆጥራለን።

ልደቱ በ1893 ኦክቶበር 15 ቀን ሆነ። የተወለደው ግን በዌልስ አይደለም፤ በእንግሊዝ ምድር፣ ከሊቨርፑል ወንዝ ማዶ ባለችው በዎላሲ ከተማ ነው። አባቱ ሎድዊግ ሉዊስ የካልቪናውያን ሜቶዲስቶች ሰባኪ ነበረ፤ እናቱም በሊቨርፑል ስሙ የገነነው የሰባኪው የኦዌን ቶማስ ልጅ ነበረች። በዚያ ዘመን ብዙ የዌልስ ሰው እንጀራ ፍለጋ ወደዚያ አገር ወርዶ ሰፍሮ ነበርና፣ ሕፃኑ በቤትና በጸሎት ቤት ዌልሽ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ እየሰማ አደገ። ስድስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች፤ አክስቱም አሳደገችው።

በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ሲማር ታላቁ ጦርነት ተነሣ። እርሱም ትምህርቱን ትቶ ዘመተ፤ መኮንንም ሆነ። በ1917 በፈረንሳይ ምድር በካምብሬ አቅራቢያ ቆሰለ። በዚያው ዓመት ወንድሙ በጦር ሜዳ ወደቀ። በዘመቻ ሳለም የፈረንሳዊውን የሞሪስ ባሬስን መጻሕፍት ያነብ ነበር፤ ሰው ከአገሩና ከቀደሙት ሙታኑ ከተለየ ባዶ ነው የሚለው ትምህርት በልቡ ቀረ። ይህ የሰባኪ ልጅ የዌልስን ፍቅር የቀሰመው ከዌልስ ተራሮች ሳይሆን ከፈረንሳይ መጽሐፍ ነውና፣ ጠላቶቹ ኋላ ይህን እየጠቀሱ ይተቹት ነበር።

ከጦርነት ተመልሶ ትምህርቱን በማዕረግ ፈጸመ። በ1922 በስዋንዚ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የዌልሽ ሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ በ1924ም ማርጋሬት ጊልክሪስትን አገባ። እርሷ አይሪሽ ነበረች፤ ከሜቶዲስት ቤት ወጥታ ካቶሊክ የሆነች። እርሱም በ1932 ተከተላት። በዚያ ዘመን በዌልስ የሰባኪ ልጅ ወደ ሮም ሄደ ማለት እንደ ክህደት ይታይ ነበር።

አሁን ስለ መጻሕፍቱ እንናገር። በ1927 ስለ ዊልያምስ ፓንቲኬሊን ጻፈ። ይህ ፓንቲኬሊን በ18ኛው መቶ ዘመን የነበረ የመዝሙር ደራሲ ነው፤ መዝሙሮቹን በየጸሎት ቤቱ ሽማግሌውም ሕፃኑም በቃሉ ያውቅ ነበር። ሉዊስ ግን እነዚያን መዝሙሮች በአዲሱ የሥነ ልቦና ትምህርት መረመራቸው፤ የሰውየው የእግዚአብሔር ናፍቆት ከሥጋዊ ፍትወቱ ጋር እንዴት እንደተጋጠመ ገለጠ። አንዳንዱ ተደነቀ፤ ሌላው ግን አያቶቹ ሲዘምሩት የኖሩትን ሰው አረከሰብን ብሎ ተቆጣ። በ1930 ሞኒካ የተባለ ልብ ወለድ አወጣ፤ የትዳርን ፍትወትና የአባለ ዘርን በሽታ በግልጥ ስለጻፈ ነቀፋው በረታ። በ1932 ያወጣው የዌልስ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ግን ከሁሉ ይበልጣል። በዚያ መጽሐፍ እንዲህ ብሎ ተከራከረ፦ የድሮ የዌልስ ባለቅኔዎች መኳንንትን ሲያወድሱ ለሆዳቸው ያደሩ አይደሉም፤ ውዳሴያቸው የክርስቲያን አውሮፓ ፍልስፍና ያለበት፣ የሰውን ልጅ ሥርዓትና ማዕረግ የሚያሳይ ቅኔ ነው። እንግዲህ ዌልስ የእንግሊዝ ጓሮ አይደለችም፤ የአውሮፓ ታላቅ ቤት አንድ ክፍል ናት። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ብዙውን ነገር አርመውታል፤ ይሁን እንጂ እርሱን ሳይጠቅስ ማረም የቻለ የለም።

ወደ ፖለቲካው እንመለስ። በ1925 በፑልሄሊ ከተማ የዓመቱ የቅኔና የዜማ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ፣ መጠጥ በማይሸጥበት ሆቴል ስድስት ሰዎች ተሰብስበው የዌልስን ብሔራዊ ፓርቲ መሠረቱ። ሉዊስ ከስድስቱ አንዱ ነበረ፤ በማግሥቱም ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነ። ፓርቲው በ1929 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደር ያገኘው ድምፅ 609 ብቻ ነበረ። ሕዝቡን በትምህርት እንጂ በወዳጅነት መያዝ የማያውቅ መሪ ነበረና፣ ይህ አያስደንቅም።

በዚህም ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት የአየር ኃይሉን የቦምብ ማስተማሪያ ሊሠራ ቦታ ይፈልግ ነበር። በኖርዘምበርላንድና በዶርሴት ሊሠራ ቢል፣ ስለ አእዋፍና ስለ ጥንታዊ ቅርስ የሚሟገቱ ሰዎች ተነሡበትና ተወው። ከዚያም በሰሜን ዌልስ፣ ሊን በምትባለው ወደ ባሕር በዘለቀችው ምድር፣ ፔንአበርዝ የተባለውን ርስት መረጠ። በዚያ የነበረው አሮጌ ቤት ባለቅኔዎች የተጠለሉበት፣ ምዕመናንም ወደ ቅዱሳኑ ደሴት ሲሻገሩ ያለፉበት ነበረ። ግማሽ ሚሊዮን ሰው ይቃወማል ተብሎ መልእክተኞች ተላኩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስታንሊ ባልድዊን ግን ሊቀበላቸው አልፈቀደም። ቤቱም ፈረሰ።

በ1936 ሴፕቴምበር 8 ቀን ሌሊት፣ ገና ሳይነጋ፣ ሉዊስና ሁለት ባልንጀሮቹ በግንባታው ላይ እሳት ለቀቁ። አንዱ ሉዊስ ቫለንታይን የባፕቲስት ቄስ ነው፤ ሁለተኛው ዲ. ጄ. ዊልያምስ የትምህርት ቤት መምህርና የአጭር ልብ ወለድ ደራሲ ነው። የሠራተኞቹ ጎጆና የተከመረው ጣውላ ነደደ። ሦስቱ አልሸሹም፤ ወደ ፑልሄሊ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው፣ ይህን ያደረግን እኛ ነን የሚል፣ ለአውራጃው የፖሊስ አዛዥ የተጻፈ ደብዳቤ ሰጡ። ዓመቱም ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር ያዋሐደውና ዌልሽን ከፍርድ ቤት ያስወጣው የ1536 ሕግ አራት መቶ ዓመት የሞላው ነበረ።

በካይርናርቨን ችሎት ሉዊስ ለዳኞቹ ሸንጎ ንግግር አደረገ፤ ሸንጎውም ሊስማማ አልቻለም። ይህም መንግሥትን አስቆጣው፤ ጉዳዩ ወደ ለንደን፣ ኦልድ ቤይሊ ወደተባለው ፍርድ ቤት ተወሰደ። ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ፣ ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው የዌልስ ሰው፣ በዚህ ተቆጣ። በለንደን ሦስቱ በእንግሊዝኛ ምስክርነት አንሰጥም አሉ፤ በጃንዋሪ 1937 እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ወር ተፈረደባቸው፤ ዎርምውድ ስክረብስ ወኅኒ ገቡ። የስዋንዚ ኮሌጅ ግን ፍርዱ እስኪሰጥ እንኳ አልጠበቀም፤ ሉዊስን ከሥራው አባረረው። እርሱ ገና በእስር ሳለም፣ ስለ ቅዱስ ጌርማኖስ የጻፈው ተውኔት በሬዲዮ ተሰማ። ሲፈቱ በካይርናርቨን አሥራ አምስት ሺህ የሚሆን ሕዝብ ተቀበላቸው። የቦምቡ ማስተማሪያ ግን ተሠርቶ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ሉዊስ አሥራ አምስት ዓመት ከዩኒቨርሲቲ በር ውጭ ኖረ፤ በአበሪስትዊዝ አቅራቢያ ተቀምጦ በጋዜጣ በመጻፍና በማስተማር ቤተሰቡን አበላ። በ1943 ለዩኒቨርሲቲው የፓርላማ ወንበር ተወዳደረ፤ ያሸነፈው የገዛ ጓደኛው የነበረው ሊቁ ደብልዩ. ጄ. ግሩፊድ ነው፤ 3,098 ለ1,330። በ1952 ካርዲፍ ኮሌጅ ተቀበለው። ታላላቆቹ ተውኔቶችም በዚህ ዘመን ወጡ። ብሎዳይዌዝ ከአበባ ተሠርታ ባሏን የከዳችውን ሴት ታሪክ ትናገራለች። ሲዋን ደግሞ የልዑል ሉዌሊን ሚስት የሆነችው የእንግሊዝ ንጉሥ የዮሐንስ ልጅ ነገር ናት፤ በ1230 ልዑሉ ከእርሷ ጋር ያገኘውን ዊልያም ደ ብሮዝን ሰቀለው። በእኔ ግምት ከሥራዎቹ ሁሉ የምትበልጠው ይህች ናት።

በ1962 ፌብሩዋሪ 13 ቀን፣ ዕድሜው 68 ሳለ፣ በቢቢሲ ሬዲዮ ስለ ቋንቋው ዕጣ ተናገረ። ነገሩ እንዳለው ከቀጠለ በ21ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዌልሽ ሕያው ቋንቋ መሆኑ ያበቃል አለ፤ ቋንቋው ባለበት ምድር ያለ እርሱ መንግሥት ሥራውን እንዳይሠራ ማድረግ ያስፈልጋልም አለ። ለዚህም የትሬቨርና የአይሊን ቢዝሊን ቤት ምሳሌ አደረገ። እነዚህ የላንጌነክ ባልና ሚስት የግብር ወረቀት በዌልሽ ካልተጻፈልን አንከፍልም ብለው፣ ከአሥር ጊዜ በላይ ፍርድ ቤት ቆመው ነበር። የፍርድ አስፈጻሚዎች የቤታቸውን ዕቃ ከአንድ ጊዜም ሁለት ጊዜም አውጥተው ወሰዱ፤ ስምንት ዓመት ቆይቶ ወረቀቱ በሁለቱ ቋንቋ መጣ። ንግግሩ የተነገረው ለፓርቲው ነበረ፤ የሰሙት ግን ወጣቶቹ ናቸው። በዚያው ዓመት የዌልሽ ቋንቋን ማኅበር አቆሙ፤ በ1963ም በአበሪስትዊዝ የትሬቬካን ድልድይ ላይ ተቀምጠው መንገድ ዘጉ። በ1967ና በ1993 የቋንቋ ሕጎች ወጡ፤ በ1982 የዌልሽ ቴሌቪዥን ጣቢያ ተከፈተ።

ነውሩንም መደበቅ አይገባም። በ1930ዎቹ ስለ አይሁድ የጻፋቸው ቃላት አስቀያሚ ናቸው፤ በሂትለርም ዘመን ፓርቲው ገለልተኛ ይሁን ማለቱ ብዙ ወዳጆቹን አሳፈረ። የደቡቡን የማዕድን ሠራተኛ ኑሮ ከሩቅ ያየው ነበር።

በ1970 ለኖቤል ሽልማት ታጨ። በ1985 ሴፕቴምበር 1 ቀን ሞተ፤ በፔናርዝም ተቀበረ። ዌልሽ ያበቃበታል ያለው 21ኛው መቶ ዘመን ገብቶ በ2021 ሕዝብ ሲቆጠር፣ በዌልስ 538,000 ያህል ሰው፣ ከመቶ 17.8 ማለት ነው፣ ዌልሽ እናገራለሁ አለ።