ሰሐራ ሣር ያበቅል በነበረ ጊዜ

በ1850 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው መንገደኛ ሐይንሪክ ባርት ከትሪፖሊ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲጓዝ፥ ፈዛን በተባለው የሊቢያ ምድረ በዳ ውስጥ በቋጥኝ ላይ የተቀረጹ የከብት ምስሎችን አገኘ። ባርት አስተዋይ ሰው ነበርና ከታየው ይልቅ ያልታየውን ልብ አለ፤ ከምስሎቹ መካከል ግመል አልነበረም። ግመል ሳይኖር ከብት የረባበት አገር ደግሞ ሣርና ውሃ ያልተለየው መሆን አለበት።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ያገኙት የበለጠ የሚያስደንቅ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ሐንጋሪያዊው ላስሎ አልማሺ በግብፅ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፥ ጊልፍ ከቢር በተባለው አምባ፥ የሚዋኙ ሰዎችን የሚመስሉ ሥዕሎች ያሉበት ዋሻ አገኘ። በ1956 እና በ1957 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሐንሪ ሎት ከባልደረቦቹ ጋር በአልጀሪያ የታሲሊ አምባ የከብት መንጋ፥ ቀጭኔና ጉማሬ ጭምር ያሉባቸውን ሥዕሎች ገለበጠ። ቀለሙ ጎልቶ እንዲታይ ሥዕሎቹን በውሃ ማርጠባቸው ጉዳት ማድረሱም ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባውም።

ጉማሬ በአሸዋ ላይ አይኖርም። ታዲያ ዝናቡን ያመጣው፥ ኋላም የወሰደው ምን ነበር?

የመልሱ መሠረት በአንድ መሐንዲስ የተጣለ መሆኑ ለሙያው ባልደረቦች ደስ የሚያሰኝ ነው። ሰርባዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች በቪየና ሲቪል ምሕንድስና ተምሮ በአርማታ ሥራ ከቆየ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ወደ ቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በዚያም የመሬት ምሕዋርና የዛቢያዋ ዘንበልታ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ሲለዋወጥ ከፀሐይ የሚደርሳት ሙቀት እንዴት እንደሚለወጥ አሰላ፤ ዋናውንም ሥራውን በ1941 ዓ.ም. አሳተመ። እርሱ ያሰበው ስለ በረዶ ዘመናት ነበር። ስሌቱን ለዝናብ ያዋለው አሜሪካዊው ጆን ኩትዝባክ ነው፤ ይኸውም በ1981 ዓ.ም.።

ዛሬ መሬት ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በጥር ወር መግቢያ ነው። ከ9 ሺህ ዓመት በፊት ግን የምትቀርበው በሰሜኑ በጋ ስለ ነበረ፥ በሐምሌ ወር የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ የሚያገኘው የፀሐይ ኃይል ከዛሬው 7 በመቶ ያህል ይበልጥ ነበር። የጋለው ምድር የባሕሩን እርጥብ ነፋስ ወደ አህጉሩ ውስጥ ስቦ አስገባ። ሣሩ በቀለ፤ ሣሩን ቀጭኔና ዝሆን፥ ውሃውን ጉማሬና አዞ ተከተሉት። የቻድ ሐይቅ ከ300 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣለለ። በአገራችንም ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ሆነው ትርፋቸው ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር።

ምሕዋሩ ሲለወጥ ዝናቡ ራቀ። ሣር የለበሰ መሬት ሙቀትን ይይዛል፤ ራቁቱን የቀረ አሸዋ ግን ብርሃኑን መልሶ ወደ ሰማይ ስለሚወረውር ድርቁ ራሱን ያባብሳል። ጁል ቻርኒ ይህን በ1975 ዓ.ም. አስረድቷል። ከዚህም በመነሣት አንዳንዶች በረሓው በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ድንገት ደረሰ ይላሉ። በ2008 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፥ በሰሜን ቻድ የሚገኘው የዮዓ ሐይቅ ደለል ጥናት ግን ለውጡ ቀስ በቀስ እንደ ነበር ያሳያል። ምናልባት ሁለቱም በየስፍራቸው እውነት ይሆናሉ፤ አንድ ሐይቅ ለመላው ሰሐራ ሊመሰክር አይችልም።

ከዚያ ዘመን የተረፉም አሉ። በታሲሊ ጥቂት መቶ የማይሞሉ ያረጁ ጥዶች ቆመዋል፤ ዘራቸው ግን ከእርጥበት ማነስ የተነሣ እምብዛም አይበቅልም። በቻድ የእነዲ ተራራ፥ አርሼ በተባለ የገደል ውስጥ ኩሬ ጥቂት አዞዎች ይኖራሉ። የሚመገቡት ዓሣ ነው፤ ዓሣው የሚኖረው በውሃው አረንጓዴ ሽበት ሲሆን፥ ሽበቱን የሚያዳብረው ሊጠጡ የሚወርዱት ግመሎች የሚጥሉት ፋንድያ ነው።