የማጥፋት ትእዛዝ ታሪክ፤ ነጥብ ሲጠፋ ዝምድናው ወዴት ይሄዳል?

የመረጃ ቋት ታሪክ በተነሣ ቁጥር በብዛት የሚወሳው መረጃ እንዴት እንደሚከማችና እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው። እንዴት እንደሚጠፋ ግን ብዙም አይነገርም። ሆኖም የአንድ ሥርዓት ጠባይ በጉልህ የሚታወቀው «አጥፋ» ሲባል በሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህም በተለይ የሚታየው ነጥቦችንና በነጥቦቹ መካከል ያለውን ዝምድና ጎን ለጎን መዝግቦ በሚይዘው በግራፍ የመረጃ ቋት ላይ ነው።

የጥያቄው ሥር ሩቅ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ባክማን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ባዘጋጀው አይ.ዲ.ኤስ. በተባለው ሥርዓት መዝገቦች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይቀመጡ ነበር። ሰንሰለት ባለበት ደግሞ አንዱ ቀለበት ሲወጣ የቀሩት ምን ይሆናሉ የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ኮዳሲል የተባለው ጉባኤ የመረጃ ቋት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ዘገባ መልሱን ደነገገ። ይኸውም በሥሩ ሌሎች መዝገቦች ያሉት መዝገብ በተራ ትእዛዝ አይጠፋም፤ «ሁሉንም» የሚል ቃል ከታከለበት ግን በሥሩ ያሉትን ይዞ ይጠፋል።

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው የሠንጠረዥ ሥርዓት እያደር ሰንሰለቱን ተካው። ይሁን እንጂ የተወሳሰበ ዝምድናን በሠንጠረዥ መከታተል አድካሚ በመሆኑ፣ ስዊድናውያን መሐንዲሶች የጀመሩት ኒዮፎርጄ የተባለ የግራፍ ቋት እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙን አወጣ። ሳይፈር የተባለው የመጠይቅ ቋንቋውም በ2011 ተከተለ።

ያን ጊዜ አሮጌው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። አንድ ጫፉ የጠፋ ዝምድና ትርጉም ስለሌለው፣ ዝምድና ያለውን ነጥብ ብቻውን ለማጥፋት የሚሞክርን ትእዛዝ ሥርዓቱ አይቀበልም። ስለዚህ ቋቱን ባዶ ለማድረግ የሚሻ ሰው ነጥቦቹንም ዝምድናዎቹንም ፈልጎ በአንድነት እንዲጠፉ ማዘዝ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 2.3 እትም «ዲታች ዲሊት»፣ ማለትም «አላቅቀህ አጥፋ» የሚል ትእዛዝ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ «ማች (ኤን) ዲታች ዲሊት ኤን» የሚል አንድ መስመር ነጥብን ሁሉ ከነዝምድናው ለመጥረግ ይበቃል።

ይሁንና የትእዛዙ ማጠር ሥራውን አላቀለለውም። ለውጡ ሁሉ እስኪጸድቅ ድረስ በማስታወሻ ውስጥ ስለሚያዝ፣ ብዙ ሚሊዮን ነጥቦችን በአንድ ጊዜ ለማጥፋት መሞከር ማስታወሻውን ሊያሟጥጠውና ትእዛዙን ሊያከሽፈው ይችላል። በ2021 የወጣው 4.4 እትም ሥራውን በየ1,000ው ወይም በተፈለገው መጠን ከፋፍሎ ማጽደቅን በቋንቋው ውስጥ አስገባ። ደግሞም የሚጠፋው መረጃው ብቻ ነው፤ ማውጫዎቹና የገደብ ደንቦቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ እነርሱን ለማንሣት ሌላ ትእዛዝ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደቀው ጂ.ኪው.ኤል. የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል፤ ማላቀቅ በግልጽ ካልታዘዘ ዝምድና ያለው ነጥብ አይጠፋም።

ከ1971 እስከ 2024 መሐንዲሶቹ የተስማሙበት አንድ ነገር አለ። የሥርዓቱ እምቢታ ድክመት ሳይሆን ጥበቃ ነው። «አላቅቀህ» የምትለዋ ቃል በተጻፈች ጊዜ ጥበቃው ከማሽኑ ወደ ባለሙያው ይዛወራል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስምና፣ ባለሙያው አስቀድሞ የተገናኘው ከየትኛው ቋት ጋር እንደሆነ ማረጋገጥ፣ የሚጠፋውን መቁጠርና መጠባበቂያ ቅጂው በእርግጥ የሚመለስ መሆኑን መፈተን ይገባዋል።