የቦይለር ውሃ በሚኤሶ መስመር

የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው ከውሉና ከዲፕሎማሲው በኩል ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለአማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ስለሰጡት ፈቃድ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ስለመጀመሩ፣ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ስለመድረሱ፣ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1908 በሌላ ስለመተካቱና ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ስለመግባቱ ብዙ ተጽፏል። የእንፋሎት ባቡር ከእሳቱ እኩል የሚፈልገውን ውሃ፣ የውሃውንም ጠባይ፣ ጸሐፍቱ እምብዛም አላነሡትም።

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ሐዲዱ የጨርጨርን ተራሮች ግርጌ ተከትሎ በኤረርና በአፍደም በኩል ሚኤሶ ከደረሰ በኋላ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ቡና የሚያበቅለው ደጋ ከሐዲዱ በላይ ቀርቷል፤ ስለዚህም በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አስተዳደር የአርአያ ግዛት ስም ላተረፈው ጨርጨር፣ ቆላዋ ሚኤሶ የባቡር በር ሆነች።

በዚህ ተራራ ሰንሰለት ውስጥ የኖራ ድንጋይ በሰፊው ይገኛል፤ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚሰርገው ዝናብ ካልሲየም አሟሙቶ ይወርዳል። የመስመሩ ዋና የጥገና ጋራዥ በነበረባት በድሬዳዋ ሳሙና በቀላሉ የማያረፋው የጉድጓድ ውሃ በየቤቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። በቦይለር፣ ማለትም ውሃ ወደ እንፋሎት በሚለወጥበት በርሜል ውስጥ፣ ያው ቅርፊት እሳቱ የሚያልፍባቸውን ቱቦዎች ይሸፍናል፤ ሙቀት እንደ ብረት ስለማያስተላልፍም ማገዶ ያባክናል፣ ውሃ ያልደረሰው ብረት ደግሞ ከመጠን በላይ ግሎ ሊያብጥና ሊቀደድ ይችላል። መፍትሔው ለረጅም ጊዜ ቦይለሩን አቀዝቅዞ፣ ቀዳዳዎቹን ከፍቶ፣ ጭቃውን በውሃ ግፊት ማጠብ ብቻ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ባቡሩ ሥራ ይፈታል።

ሁለተኛው መንገድ ውሃውን ማከም ነው። ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ ሲጨመር ካልሲየሙ ብረት ላይ ከመጣበቅ ይልቅ ልል ጭቃ ይሆናል፤ ከዛፍ ቅርፊት የሚወጣው ታኒንም ጭቃው እንዳይረጋ ያግዛል። ነገር ግን እንፋሎት ጨው ይዞ ስለማይወጣ የተጨመረው ሁሉ እዚያው ይከማቻል፣ ሲበዛም ውሃው አረፋ ደፍቶ ወደ ፒስተኑ ይሻገራል። ስለዚህ ከቦይለሩ ግርጌ ጥቂት ውሃ በየጊዜው መለቀቅ አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከሚገባው 20 ሊትር አንዱ ቢለቀቅና የቀረው 19 ሊትር ቢተን፣ በቦይለሩ ውስጥ ያለው ጨው ውሎ አድሮ ከገቢው ውሃ 20 እጥፍ ደርሶ ይቆማል፤ ከ10 አንዱ ቢለቀቅ ግን በ10 እጥፍ ይገታል። መድኃኒቱ የሚለካውም ከዚህ ልቀት ጋር ተመዛዝኖ ነው።

ይህ ስሌት ዛሬ ኮራል በመስታወት ገንዳ የሚያሳድጉ ሰዎችም የሚጠቀሙበት ነው። በአንድ ሊትር 420 ሚሊግራም ካልሲየም ባለው ገንዳ ከውሃው 1 በመቶ በየቀኑ በራሱ በሚሠራ ፓምፕ ቢለወጥና ኮራሎቹ ከእያንዳንዱ ሊትር በቀን 4 ሚሊግራም ቢወስዱ፣ መጠኑ እንዳይወርድ አዲሱ ውሃ በሊትር 820 ሚሊግራም መያዝ ይኖርበታል። ያን ያህል ካልሲየም ከካርቦኔት ጋር በአንድ በርሜል ቢዋሐድ ገና ገንዳው ሳይደርስ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፤ የባቡር ሠራተኛው ከቱቦ ይፍቀው የነበረው ንጥረ ነገርም ይኸው ነው።

ሁለቱን ተግባራት፣ መጨመርንና መልቀቅን፣ በአንድ ሥርዓት ያጣመረው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሉዊ አርማን ነበር። አርማን የማዕድን መሐንዲስ ሳለ የቪሺን ማዕድናማ ውሃዎች አጥንቶ በ1934 ወደ ባቡር ኩባንያ ተዛወረ። በስሙ የተጠራው ሥርዓት መድኃኒቱን ከባቡሩ ጋር በሚጎተተው የውሃ ጋን ውስጥ በልክ ያስገባል፣ በየጋራዡ የቦይለሩን ውሃ ያስመረምራል፣ ልቀቱንም በውጤቱ መሠረት ይወስናል። በዚህ አሠራር ቅርፊቱ እጅግ ቀነሰ፣ ለእጥበት የሚቆሙባቸው ቀናትም ተራራቁ። የአርማን ብልሃት በአዲስ ኬሚካል ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ ሶዳውም ታኒኑም ቀድሞ የታወቁ ነበሩ። አዲስ ያደረገው በየፈረቃው በሠራተኛ ግምት ይሠራ የነበረውን በልኬት መተካቱ ነው።

በኢትዮጵያ መስመር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የናፍጣ ባቡሮች የእንፋሎቶቹን ቦታ ሲወስዱ የቦይለር ውሃ ሙያ አብሮ ከሰመ። የናፍጣ ሞተርም ማቀዝቀዣ ውሃና የዝገት መከላከያ ያስፈልገዋል፤ ያ ውሃ ግን በዝግ ቧንቧ እየዞረ ስለሚመለስና ስለማይተን ጨው አያከማችም፣ በየጣቢያውም ብዙ ውሃ መሙላት አያሻም። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ደግሞ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ በአንድ የቻይና ተቋራጭ፣ ከሚኤሶ በጅቡቲ ድንበር ላይ እስካለችው ደወሌ በሌላ ተሠርቷል። የሚኤሶ ስም በሥራ ውሎቹ ውስጥ የሚገኘው እንደ ክፍል ወሰን ነው።